ያልደረሰበት ሰኞ

ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ዋልተር ኒስትሮም በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ፣ በረዶውን ሰርስሮ ዓሣ በሚያጠምድባት ጎጆ ውስጥ፣ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። መርማሪ ሲግሪድ የምድጃውን ጭስ ማውጫ ቀና ብላ አየች። ከውጭ ጆንያ ተጠቅጥቆበታል፤ ጭሱ ነው አፍኖ የገደለው።

የፖሊስ አዛዡ አፍታም አልቆየ። «ኦፓል ናት! ልጇን ዕድሜ ልክ ያስፈረደባት እሱ አይደል? ከተራ ዓቃቤ ሕግነት እዚህ ያደረሰው ያ ፍርድ ነው። በየዓመቱ ቢሮው ደጃፍ ቆማ ስትረግመው አገር ሰምቷል።»

«ቆይ እስቲ፣ አትቸኩል» አለችው።

ሲግሪድ ከሐይቁ በቀጥታ ሄዳ መርዶውን ለዋልተር ሚስት ለሶልቬግ ነገረቻት። ሴትዮዋ ገና እሪታዋን ሳትጨርስ በሩ ተንኳኳ። የዋልተር ምክትል ዶሪን ነበረች፤ በፎጣ የተጠቀለለ ድንችና ሥጋ በትሪ ይዛ እያለቀሰች ገባች።

«ምግብ አብስላለሁ ብለሽ እንዳትቸገሪ ነው፣ እህቴ።»

በዚያ አገር ለቀስተኛ ባዶ እጁን አይመጣም። ሲግሪድ ትሪውን ገፋ ላድርግ ብላ ስትነካው ጣቷን አቃጠላት።

የዋልተርን ወንድም አርቪድን ጓሮ እንጨት ሲፈልጥ አገኘችው።

«ጠላት ነበረው?»

«ከራሱ ሌላ? እንቅልፍ አጥቶ ነበር እኮ! የኦፓል ልጅ ጠበቃ ጥሩልኝ እያለ ሲለምን ተከልክሎ ነው ወንጀሉን ያመነው፤ ያንን ደብቀውብኛል አለኝ። ሰኞ ፍርድ ቤት ቀርቤ አስፈታዋለሁ፣ ሥልጣኔም ገደል ይግባ አለ።»

ከሰዓት በኋላ ሲግሪድ ሁሉንም በሶልቬግ ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ኦፓል ካፖርቷን እንደለበሰች ጥግ ቆመች።

«ዶሪን፣ ሞቱን ከማን ሰማሽ?»

«ከሬዲዮ።»

«ሬዲዮው የተናገረው አንቺ ከመጣሽ በኋላ ነው። ይሁን፣ ሰው ነገረሽ እንበል። ድንቹ ተልጦ፣ ሥጋው ተዘጋጅቶ፣ ምድጃ ገብቶ እስኪበስል ስንት ይፈጃል? ሶልቬግ ባሏ ዓሣ ይዞ ይመጣል ብላ ስትጠብቅ፣ አንቺ የለቅሶዋን ምግብ ምድጃ ከተሽ ነበር።»

«ለምሳ ያመጣሁት ነው!»

«ታዲያ ምን እያለቀስሽ ገባሽ?»

ዶሪን ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመደች።

«መዝገቡን አይቻለሁ፤ የኦፓልን ልጅ የእምነት ቃል የተቀበልሽው አንቺ ነሽ» አለች ሲግሪድ። «ዋልተር ሰኞ ቢናገር፣ የተመኘሽው የእሱ ወንበር ቀርቶ እስር ቤት ነበር የሚጠብቅሽ።»

አዛዡ ካቴናውን ሲያወጣ ኦፓል ጮኸች። «እሱ ሞተ፤ እሷንም ወሰዳችኋት። ልጄን ማን ያወጣልኛል?»

ሲግሪድ ደነገጠች። ገዳይዋን ስታሳድድ ይህን ጨርሶ ረስታው ነበር።

«ያለ ጠበቃ አንዲት ቃል አልናገርም» አለች ዶሪን።

ኦፓል ተጠግታ ዐይን ዐይኗን አየቻት። «ልጄም እንዲሁ ብሎሽ ነበር።»

«ብሎኝ ነበር» አለች ዶሪን። «ደጋግሞ።» ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

ሲግሪድ ወደ አዛዡ ዞረች። «ሰምተሃል?»

«ሁላችንም ሰምተናል፤ እንመሰክራለን» አለ።

ኦፓል ወንበር ስባ ተቀመጠች። ካፖርቷን ያወለቀችው ያኔ ነው።