የጋሽ ተፈራ መኪና በሠርጉ ጠዋት

እኔ፣ ልንገርህ፣ በመንፈስ ምናምን የማምን ሰው አይደለሁም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ጋራዥ ነው የሠራሁት፣ «መኪናዬን የሰው ዓይን አግኝቷታል» እያለ የሚመጣውን ደንበኛ ሁሉ ስቄበት፣ ካንዴላ ቀይሬ ነው የምሸኘው። ይሄን ግን በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ከፈለግክ ሳቅብኝ።

መካኒሳ አቦ፣ የጎረቤቴ የእትዬ ብዙነሽ ልጅ ማህሌት የምታገባበት እሁድ ነው። ጋብቻው በተክሊል ነው፣ ቅዳሴ ደግሞ ሙሽራ አረፈደች ብሎ አይጠብቅም። ልጅቷ «ከአባቴ መኪና ሌላ አልገባም» ብላ ምላለች፤ አባቷ ጋሽ ተፈራ አምና ነው ያረፉት፣ «እኔው ራሴ ነድቼ ነው የማደርስሽ» ይሏት ነበር። ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድ አድሮ፣ ያቺ አሮጌ መኪና ጠዋት ላይ እምቢ አለች! ሞተሪኖው ያዞራል፣ እም እም እም ይላል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ማህሌት የሙሽራ ልብሷን ለብሳ በር ላይ ቆማ እንባዋ ግጥም ብሏል፣ አንጀቴን በላችው።

ካንዴላውን ፈትቼ አየሁ፣ ብልጭታው ደህና ነው። እንግዲህ የቀረው ቤንዚኑ ነው። ቁልፉ ግማሽ ሲዞር ከኋላ ወንበር ስር ፓምፑ ዝዝዝ ማለት ነበረበት፣ ጭጭ። ለዚህ እኛ መካኒኮች አንድ ዘዴ አለችን፣ አንዱ ከስር ተኝቶ የቤንዚን ታንከሩን በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ ያደርጋል፣ ሌላው ቁልፍ ያዞራል፣ የደረቀ ፓምፕ አንዳንዴ በዚህ ይነቃል። እትዬ ብዙነሽን መሪው ጋ አስቀመጥኳቸውና ካርቶን አንጥፌ ከስር ገባሁ።

«ያዙሩ!» አልኩ። ዞረ። «በቃ!» ቆመ። ታንከሩን መታሁ፣ «ያዙሩ!» ዞረ። እንዲህ ስንባባል በመሃል ከላይ ሳል ሰማሁ፣ ወፍራም ሳል፣ «ብርዱ ያዝዎት እንዴ እትዬ?» አልኩ፣ ወንበሩ ሲጢጥ አለ። ከዛ እኔ ምንም ሳልል፣ እመነኝ አፌን ሳልከፍት፣ ሞተሪኖው ዞረና ሞተሩ ተነሳ! ደስታዬን አትጠይቀኝ፣ «እልል በሉ!» እያልኩ ተጎትቼ ወጣሁ።

እትዬ ብዙነሽ የቤቱ በር ላይ ቆመዋል፣ ቁልፉ እጃቸው ላይ ነው።

«ተነሳች እንዴ? እሰይ!» አሉ። «አንተ ገና ከስር ስትገባ ማህሌት ጠርታኝ ወጣሁ፣ ቁልፉን ነቅዬ፣ ልማዴን ታውቅ የለ።»

መሪው ጋ ማንም የለም። የቁልፉ ቀዳዳ ባዶ ነው፣ ሞተሩ ግን ረጋ ብሎ ይሠራል። በዛ ብርድ ላብ በላብ ሆንኩ። ግን ምን ልበል? ሙሽራ ፊት ልቀባጥር? ቁልፉን ተቀብዬ ሰካሁና ገባሁ፤ ወንበሩ ሞቋል፣ አሁን ሰው የተነሳበት ይመስላል። ማህሌትና እናቷ ከኋላ ገቡ፣ ልጅቷ መንገዱን ሙሉ ስትስቅ፣ ቅዳሴው ሳይጀመር ደረስን። አክሊል ደፍታ ሳያት፣ እውነቴን ነው የምልህ፣ ፍርሃቴ ሁሉ ጥሎኝ ጠፋ፣ እንደዛ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በማግስቱ የኋላውን ወንበር አንስቼ ፓምፑን አወጣሁት። ተቃጥሏል፣ ሽቦው ቀልጦ ከሰል ሆኗል፣ ይሄ እንኳን በመዶሻ በምንም የሚነቃ አይደለም። ያን ሁሉ መንገድ በምን እንደሄድን ይኸው እስካሁን አላውቅም።

ነገሩን በቀልድ ልለፈው ብዬ እትዬ ብዙነሽን «ትናንት ምነው ከዛ ሁሉ ቀሚስ ጋር ከኋላ ተጣበው ሄዱ? ከፊት መቀመጥ ሲችሉ!» አልኳቸው።

ግራ ገብቷቸው አዩኝ።

«ከፊት ባዶ ነበር እንዴ?» አሉ። «ካንተ ጎን የተቀመጠው የሥራ ጓደኛህ መስሎኝ ነው እኮ። ከጀርባው ስለነበርኩ ፊቱን አላየሁትም፣ ስንደርስ ከኛ ጋር ግባ ልለው ዞር ስል አጣሁት።»