የአዲስ አባላት መቀበያ ጠዋት

የጎልፍ ክለቡ ሊቀመንበር አሸዋ ጉድጓድ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ዕለቱ ክለቡ ለአዳዲስ ሰዎች በሩን የሚከፍትበት ቀን ነበር። ሟቹ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ያንን በር ሲዘጋ የኖረ ሰው ነው። «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ጨርቅ አጥሩ ላይ ተሰቅሎ እያለ እሱ ሞተ፤ ያለቀሰለት ሰው ግን አልነበረም።

መርማሪዋ ስትደርስ የበሩ ዘበኛ ከእግር እስከ ራሷ አያትና፣ «የሠራተኛ መግቢያ በጓሮ በኩል ነው» አላት። መታወቂያዋን አሳየችው። ይቅርታ እንኳን ሳይላት በሩን ከፈተ፤ እሷም ገባች፣ ነገሩን ግን ቋጥራ ያዘችው። የሥራ ባልደረቦቿ በሌለችበት «እትዬ ለምን» ይሏታል፤ ይህች ቃል ከአፏ አትጠፋም። ቂመኛ መሆኗን ደግሞ ራሷም አትደብቅም። እናቷ በልጅነቷ ለአክስቷ ልጅ የሰጠችባትን ቀሚስ እስከ ዛሬ ታነሳዋለች።

ሃምሳ አለቃው አዲስ ጫማው እየጠበበው፣ ሣሩ ላይ እያነከሰ ተቀበላት።

«ነገሩ አልቋል አለቃ። የክለቡ አሰልጣኝ ነው የገደለው። ደም የነካውን የጎልፍ ዱላ እንደያዘ ሬሳው አጠገብ ቆሞ ነው ያገኙት። ትናንት ሊቀመንበሩ ሰው ፊት አዋርዶታል፤ ‹ነገ እነዚያን አዳዲስ ሰዎች ሣሬ ላይ ካወጣህ አንተም አብረሃቸው ትወጣለህ› ብሎታል። በካቴና አስሬ መኪና ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ከላይም እስከ ምሳ ድረስ ወደ እስር ቤት ይላክ ተብሏል።»

«ለምን እስከ ምሳ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ የክለቡ አባላት ትልልቅ ሰዎች ናቸው።»

አሰልጣኙ መኪናው ውስጥ አንገቱን ደፍቷል። ሚስቱ ከአጥሩ ውጭ ሽቦውን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች፤ እንድትገባ የፈቀደላት የለም። መርማሪዋ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አለች።

«ገድለኸዋል?»

«ልቤ ሲመኘው ነበር፤ እጄ ግን አላደረገውም» አለ። «ወድቆ ሳየው ሮጥኩ፤ ዱላው ጀርባው ላይ ስለነበር አነሳሁት። ሌላ ምንም አላደረግኩም።»

የአሸዋ ጉድጓዱ ከሜዳው ማዶ፣ ከዛፎቹ ጀርባ ነው፤ ጥልቀቱ እስከ ሰው ወገብ ይደርሳል። መርማሪዋ ጎልፍ አይታ አታውቅም፤ አሸዋ ማየት ግን ታውቅበታለች። ከአንድ ወገን የአሰልጣኙ የሩጫ ዱካ እስከ ሬሳው ይመጣል። ከሌላው ወገን ደግሞ፣ ከሬሳው እስከ ጉድጓዱ ጠርዝ፣ አሸዋው በማበጠሪያ እንደተበጠረ ጠጉር ተስተካክሏል። ያስተካከለው ሬክ፣ ያ እጀታው ረጅም ጥርሳም መሣሪያ፣ ከጉድጓዱ ውጭ ሣሩ ላይ ተጋድሟል። አልተወረወረም፤ ከጠርዙ ጋር ተስተካክሎ፣ ጥርሱ ወደ ታች ሆኖ፣ በወጉ ተቀምጧል።

«ዱካውን ለማጥፋት ነው» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ዱካውን ለማጥፋት ያሰበ ሰው ዱላውን ለምን ሳይጠርገው ሄደ?»

ሃምሳ አለቃው ጫማውን አየ። መርማሪዋ ወደ መኪናው ተመለሰች።

«ከአሸዋ የሚወጣ ተጫዋች ምን ያደርጋል?» ስትል አሰልጣኙን ጠየቀችው።

«ዱካውን በሬክ ያስተካክላል፤ ለሚቀጥለው ሰው። ሕፃን እንኳን መጀመሪያ የሚማረው እሱን ነው። ሲለመድማ ሳያስቡት ነው።»

«ሬኩስ የት ይቀመጣል?»

«እዚያው አሸዋው ውስጥ። ሣር ላይ ካየው ሊቀመንበሩ ያብድ ነበር።»

ወደ ክለቡ ቤት ስትሄድ በመንገዷ ያሉትን የአሸዋ ጉድጓዶች ሁሉ እየቆመች አየች። ሬኮቹ በሙሉ የተቀመጡት ውስጥ ነው።

የክለቡ ሻይ ቤት በር አልከፈት አላት። ብትገፋ፣ ብትስብ እምቢ አለ። ከውስጥ የሽማግሌ ድምፅ፣ «እጀታውን ወደ ላይ ብድግ አድርገው ይግፉት! ዱሮም እንዲህ ነው፤ ለነባር ሰው ካልሆነ አይከፈትም» አላት። ምክትል ሊቀመንበሩ ነበር፤ ጡረታ የወጣ ጥርስ ሐኪም፣ በምርኩዝ የሚሄድ፣ ፈገግታው ከፊቱ የማይለይ።

«ጎልፍ ለምን ጀመሩ?» አለችው ገና ሳትቀመጥ።

«ጥርስ ሐኪም ነበርኩ እኮ። ቀኑን ሙሉ ሰው ይጮህብኛል። የማይጮህ ነገር መምታት አማረኝ።»

«አዲስ ሰው ይግባ ያሉት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«ክለቡ እየሞተ ነው። የቀረነው ሽማግሌዎች ነን። ሟቹ ግን ‹ከማላውቀው ሰው ባዶ ሜዳ ይሻለኛል› ይል ነበር። እኔንም ‹የድሆች አባት› እያለ ያሾፍብኝ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና።»

«ሲገደል የት ነበሩ?»

«በር ላይ፣ እንግዶች ስቀበል። ደግሞ በዚህ እግሬ እዚያ ጉድጓድ ብገባ በክሬን ነበር የምታወጡኝ።»

ይህ እውነት ነው። «ሬኩ ሁልጊዜ የሚቀመጠው አሸዋው ውስጥ ነው?» አለችው።

«አሁን አዎ። ዱሮ ሌላ አሰልጣኝ ነበረን፤ እሱ ሲያስተምር ከውጭ፣ ሣሩ ላይ፣ ጥርሱ ወደ ታች ይል ነበር። ሊቀመንበሩ ሲያባርረው የእሱ የሆነ ነገር ሁሉ ይቀየር አለ፤ ሬኩም ወደ ውስጥ ገባ።»

«ለምን ተባረረ?»

«ዋንጫ ጠፍቶ ነው። የቆየ ነገር ነው እመቤቴ… ሻይ ይምጣልዎት?»

ሻይ አልፈለገችም። ሰውየው ስኳሩን ሲያማስል ከሚገባው በላይ መቆየቱን ግን አየች።

ቀጥሎ የተጠራው እስከዚያ ሰዓት ለመመዝገብ ከመጡት ሁለት አዲስ ሰዎች አንዱ፣ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። በሩን ሲታገለው እጀታው ሊነቀል ደረሰ። ሃምሳ አለቃው ከውስጥ ሆኖ ከፈተለት።

«ይሄ በር ሰው አይወድም እንዴ ልጄ!» እያለ ላቡን ጠረገ።

«ጎልፍ ምን አሳሰበዎት አባባ?»

«ሐኪሙ ተራመድ አለኝ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ብቻዬን ስራመድ እግሬ ወደ መቃብሯ ነው የሚወስደኝ። ኳስ ብከተል ሌላ ቦታ ያደርሰኛል ብዬ ነው።»

«ሊቀመንበሩን ያውቁት ነበር?»

«እሱ አያውቀኝም እንጂ እኔስ አውቀዋለሁ! አንድ ጊዜ ተጫዋቾች አምጥቼ፣ ዝናቡ ሲወርድ በረንዳው ላይ ልጠለል ብል ‹የሾፌር ቦታ አውቶቡሱ ውስጥ ነው› ብሎ አባረረኝ። ዛሬ እዚያው በረንዳ ላይ ሻይ ስጠጣ እንዲያየኝ ነበር የመጣሁት። ከበረንዳው ንቅንቅ ሳልል ስጠብቀው… አመለጠኝ። ክፉ!»

ሌላዋ አዲስ ሰው መጋረጃ ሰፊ ናት፤ አርባውን ያለፈች፣ ጣቶቿ በመርፌ የተበሳሱ፣ ድምፀ ዝግ ሴት። በአንድ እጇ ሞልቶ የቀረበላትን የሻይ ስኒ ይዛ፣ በሌላው በሩን ከፍታ ገባች። ጠብታ አላፈሰሰችም።

«ጎልፍ ለምን አማረሽ እህቴ?»

«ደንበኛዬ ጭንቀት ያስረሳል ብላኝ ነው። ይሄን ግቢ ከዛሬ በፊት ረግጬው አላውቅም፤ ዱላውንም በቴሌቪዥን ካልሆነ አላየሁም።»

«እንዴት ተቀበሉሽ?»

«በር ላይ ያሉት ጋሼ ጥሩ ናቸው።»

«ሊቀመንበሩስ?»

«አላገኘኋቸውም። ሜዳውን እየዞርኩ አይ ነበር።»

«ሰው ሁሉ ክፉ ነበር ይላል።»

«ነበሩ ይሆናል» አለችና ሻይዋን ጠጣች።

ስትወጣ መርማሪዋ በሩን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አሰልጣኙን አምጣው» አለች ሃምሳ አለቃውን። «ሚስቱንም አስገባት። ዘበኛው ካጉረመረመ አለቃዬ አስገባት ብላኛለች በለው። ሌሎቹንም ጥራቸው።»

ሁሉም ሻይ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። አሰልጣኙ ካቴናውን በኮቱ እጅጌ ሊሸፍን ይሞክራል። መርማሪዋ መስኮቱን ተደግፋ ጀመረች።

«ይህ ሰው ጠላት አጥቶ የሞተ አይደለም። አሰልጣኙ ይጠላዋል፣ ምክትሉ ይጠሉታል፣ አባባም ይጠሉታል። እኔ ራሴ ገና በሩን ስገባ ሳላየው ጠልቼዋለሁ። ስለዚህ ማን ጠላው የሚለውን ተውኩት። የያዝኩት ሬኩን ነው። ገዳዩ ሰው ገድሎ፣ ደም ያለበትን ዱላ እዚያው ትቶ፣ ከአሸዋው ሲወጣ ዱካውን አስተካከለ። ለመደበቅ ቢሆን ኖሮ ዱላውንም ያስብ ነበር። አላሰበም፤ እጁ የለመደውን ነው ያደረገው። ስለዚህ ገዳዩ ጎልፍ የሚያውቅ ሰው ነው።»

«እንግዲያው አሰልጣኙ!» አለ ሃምሳ አለቃው።

«እሱማ ቢሆን ሬኩን አሸዋው ውስጥ ይተወው ነበር። የዛሬ ተጫዋች ሁሉ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፤ ዞሬ አይቻለሁ። ይሄ ሬክ ግን በዱሮው አሰልጣኝ ትምህርት ነው የተቀመጠው፤ ከውጭ፣ ጥርሱ ወደ ታች። እንግዲህ ገዳዩ እዚሁ የተማረ፣ ሕጉ ሳይለወጥ የሄደ፣ ከዚያ ወዲህም ያልተጫወተ ሰው ነው። ምክትሉ የዱሮውን ያውቃሉ፤ ግን ያን ያህል ጥልቅ ጉድጓድ በምርኩዝ ገብተው አይወጡም። የቀሩት አዲስ ነን ያሉት ሁለቱ ናቸው።»

ሾፌሩ ስኒውን አስቀመጠ። «እኔ ልጄ?»

«እርስዎ በሩን ሊነቅሉት ነበር አባባ። እኔም ታግዬዋለሁ። እንዴት እንደሚከፈት የሚያውቀው ነባር ሰው ብቻ ነው።» ወደ መጋረጃ ሰፊዋ ዞረች። «አንቺ ግን ስኒ ይዘሽ፣ እጀታውን ብድግ አድርገሽ ገባሽ። ግቢውን ረግጬው አላውቅም ላለች ሴት፣ በሩ በደንብ ያውቅሻል።»

ሴትዮዋ ወደ በሩ አየች።

«ሌላም አለ። ሰው ሁሉ ሲረግመው አንቺ ብቻ አልረገምሽውም። እኔ ቂመኛ ነኝ፤ አውቀዋለሁ። የሚራገመው ቂሙን ያልተወጣ ሰው ነው።»

«የአባቴ ነገር ነው» አለች ሴትዮዋ በመጨረሻ። «የዱሮው አሰልጣኝ አባቴ ነበር። እዚህ ሣር ላይ ነው መራመድ የተማርኩት። ሊቀመንበሩ ዋንጫ ሰርቀሃል ብሎ ተማሪዎቹ ፊት ቦርሳውን አስገለበጠው፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ። ከዚያ ወዲህ አባቴ ዱላ በእጁ አልነካም። ሊሞት ሲያጣጥር እንኳን ‹እኔ አልወሰድኩም› ይለኝ ነበር፤ የማላምነው ይመስል!»

«ልትገድይው መጣሽ?»

«አይደለም። ‹አልወሰደም› የሚል ቃል ካፉ ልሰማ ነው የመጣሁት። እንኳን ደህና መጣችሁ ከተባለ እስኪ እኔንም ይቀበሉኝ አልኩ። አሸዋው ውስጥ ብቻውን ከኳሱ ጋር ሲታገል አገኘሁት። የአባቴን ስም ነገርኩት። ‹ማን?› አለኝ። ደግሜ ነገርኩት። ‹አላስታውሰውም፤ ጥላሽ ኳሴ ላይ ነው፣ ዞር በይ› ብሎ አጎነበሰ።» እዚህ ላይ እንባዋ መጣ። «ቢጠላው ምን ነበረበት! እኛ ስንት ዓመት እሱን ስናስብ ስንቃጠል፣ እሱ ረስቶን በሰላም ይተኛ ነበር። ሌላ ዱላው ጠርዙ ላይ ነበር። አነሳሁት። ሬኩን ማንሳቴን ግን አላስታውስም።»

መርማሪዋ የአሰልጣኙን ካቴና ፈታች። ሚስቱ እጁን ይዛ አንጓውን ታሸው ጀመር። ካቴናውን ሴትዮዋ እጅ ላይ ስታስገባ መርማሪዋ ሥራዋን እንደዚያ ቀን ጠልታው አታውቅም። ከዚያ ግን ያ የስኳር ማማሰል ትዝ አላትና ወደ ምክትሉ ዞረች።

«ዋንጫውስ ምን ሆነ?»

ፈገግታው ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊቱ ጠፋ። «ተገኝቷል» አለ። «ብዙም ሳይቆይ። ሊቀመንበሩ ሊያስወለውለው ቤቱ ወስዶት ረስቶት ነው።»

«ማን ያውቅ ነበር?»

«እሱና… እኔ።»

«ለምን ዝም አሉ?»

«ክለቡ እንዳይታመስ ብዬ። ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ሄደ። ሰውየውም የት እንደገባ…»

«ቤታችን ይመጡ ነበር እኮ ጋሼ» አለች መጋረጃ ሰፊዋ፤ በዝግታ። «እርስዎስ የአባቴን ስም ረስተውታል?»

ሽማግሌው ቀና ብሎ አላያትም። ስሙን ግን ከነአባቱ ጠራው፤ አንዲት ፊደል ሳያጓድል።

ሴትዮዋ የታሰረ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ብዙ አየችው።

«ሰው ተሳስቻለሁ» አለች።

ምክትሉ ምርኩዙን ፈልጎ ከወንበሩ ሊነሳ ሞከረ። አንዴ ሞክሮ ተመልሶ ተቀመጠ፤ እጁን ዘርግቶ ያገዘው ሰው አልነበረም።