ማክሰኞ ማክሰኞ የሚቋረጠው ዋይፋይ

አልቫ በሌሊት ልብሷ ላይ የሟች ባሏን ካፖርት ደርባ፣ የወጥ ቤት ወንበር ላይ ቆማ፣ ስልኳን ወደ ጣሪያው ዘርግታ ትጮሃለች።

«ኬሪን! ይሰማል? ... ኬሪን! ይሰማል ወይ?»

«ኧረ በደንብ ይሰማል!» አለ የወንድ ድምፅ ከኋላዋ።

ደንግጣ ስትዞር ከነወንበሩ ልትወድቅ ለጥቂት ተረፈች። ጢሙ የሸበተ ረጅም ሰው የመሣሪያ ቦርሳ አንጠልጥሎ በሩ ላይ ቆሟል። የዝናብ ልብሱ ወለሏ ላይ ይንጠባጠባል።

«የሰው ቤት ሳይንኳኳ ይገባል እንዴ?»

«ሦስቴ አንኳኳሁ። ‹ይሰማል ወይ› ሲሉ ደግሞ መለስኩ።»

«ለአራት ሰዓት አልነበር ቀጠሯችን? ገና ሦስት ተኩል ነው!»

«ነፋሱ ከኋላ ገፋኝ።»

አልቫ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ ዋጠችው። ስልኳ ላይ የልጇ ፊት አፉ ተከፍቶ፣ አንድ ዓይኑ ተጨፍኖ ደርቋል። ትንሽ ቆየና እሱም ጠፋ።

«ልጅዎ ናት?»

«ነበረች» አለች አልቫ፣ ከወንበሩ እየወረደች።

አልቫ ስታንሊ በምትባለው የታዝማኒያ የዓሣ አጥማጆች መንደር ተወልዳ፣ እዚያው ሃምሳ ሰባት ዓመት ሞላት። ሃያ ሁለት ዓመት በትምህርት ቤቱ ካፍቴሪያ ለልጆች ምሳ ስታቀርብ ኖረች። ባሏ ጋርት በሞተ በሁለተኛው ዓመት ጡረታ ወጣች። አንድ ልጇ ኬሪን የምትኖረው ፐርዝ ነው፤ የአገሩ ሌላኛው ጫፍ። ባለፈው ዓመት ማቲ የምትባል ሴት ልጅ ወልዳለች። ኬሪን ከሥራና ከሕፃን ተርፋ መምጣት አልቻለችም፤ አልቫ ደግሞ አውሮፕላን ሲባል ነፍሷ ይወጣል። ስለዚህ የልጅ ልጇን የምታውቃት በስልክ ነው። እሱም ተቆራርጦ።

«እማዬ፣ ፊትሽ ቆመ... እማዬ፣ ድምፅሽ እንደ ሮቦት ሆነ... በቃ ሌላ ጊዜ እንደዋወል» ትላታለች ኬሪን። ሌላ ጊዜው መጀመሪያ ሦስት ቀን ነበር። ከዚያ ሳምንት ሆነ። ከዚያ ሁለት ሳምንት።

በክረምት ስታንሊ ጎብኚ የላትም። ሱቁ በጊዜ ይዘጋል፣ ጀልባዎቹ ይታሰራሉ፣ በር የሚያንኳኳው ነፋስ ብቻ ነው። አልቫ ከነጋ እስኪመሽ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ የምትውልበት ቀን በዝቷል። አንድ ቀን ሬዲዮ ላይ የአየር ሁኔታ ለሚያነበው ሰውዬ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ መለሰችና ራሷን ታዘበች። በማግስቱ ነው ስሚዝተን ከተማ ወዳለው ጥገና ቤት የደወለችው።

ሰውየው ሮይስ ይባላል። ዕድሜውን የጀልባ ሬዲዮ ሲጠግን ኖሮ፣ አሁን አሁን የሰው ቤት ዋይፋይም ያያል። ስልኳን ተቀብሎ ከሳሎን ወደ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ወደ መኝታ ቤት እየተመላለሰ ፍጥነቱን ለካ።

«ከውጭ የሚገባው መስመር ደህና ነው። ችግሩ እቤት ውስጥ ነው።»

«ሰው ሁሉ የሚለኝ እሱን ነው» አለች።

ቀና ብሎ አያት። ቀልዳ ይሁን አምርራ መለየት ያቃተው ይመስላል።

«ራውተሩ የታለ?»

ቡፌውን ከፈተችለት። ከሠርግ ሳህኖቿ ጀርባ፣ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል።

«ብርድ እንዳይመታው ነው?»

«መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ያናድደኛል።»

«እርስዎ...»

«እርስዎ እርስዎ አትበለኝ! በሌሊት ልብስ አይተኸኛል፤ ከዚህ በኋላ ምን ቀረን?»

«እሺ... አንቺ» አለ። ጆሮው ቀላ።

የድንጋዩን ግድግዳ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ይሄ ምሽግ ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም። ራውተሩን ደግሞ ቡፌ ውስጥ ቀብረሽዋል፤ ጎኑ ሲግናል የሚረብሽ ማይክሮዌቭ አለ። ምስኪኑ በየት በኩል ይውጣ?» አወጣውና ቡፌው አናት ላይ፣ ከማይክሮዌቩ አርቆ አስቀመጠው። ወጥ ቤቱ በር አጠገብ ደግሞ ሲግናሉን ተቀብላ የምታሳልፍ ትንሽ ሳጥን አስቀምጦ ገመዷን ሶኬት ላይ ሰካ።

«ስልክሽ ሁለት የዋይፋይ ስም ያያል» አላት። «አንደኛው ሩቅ ይደርሳል፤ ግን ቀርፋፋ ነው። ሁለተኛው ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ግን አይችልም። አጠገቡ ስትሆኚ ፈጣኑን ያዢ። በይ ደውይላት።»

ደወለች። ኬሪን ብቅ አለች... ጥርት ብላ! ማቲ ጭኗ ላይ ተቀምጣ ማንኪያ ትልሳለች።

«እማዬ! እንዴ... ፀጉርሽ ሸብቷል!»

«ከሸበተ አራት ዓመቱ ነው፣ ልጄ።»

ሮይስ መሣሪያዎቹን ቀስ ብሎ ሰብስቦ፣ እጁን አውለብልቦላት ወጣ። መኪናው ሲነሳ አልቫ በመስኮት አየችው። ለምን እንዳየችው አላወቀችም።

በሁለተኛው ሳምንት እንደገና ተቆራረጠ። ሮይስ እንደ መጀመሪያው ማክሰኞ ዕለት መጣ። አሁን ጥፋቱ የስልኳ ሆኖ ተገኘ፤ ቪዲዮ ከፍታ ስታወራ ስልኩ ከሥር ያነሳቻቸውን ፎቶዎች ሁሉ ወደ ኢንተርኔት እየጫነ ነበር። «ሦስት መቶ የደመና ፎቶ!» አላት እየሳቀ። «ልጅሽ በየት በኩል ትለፍ?» መጫኑን ዘጋላት። ሻይ አቀረበችለት። ሚስቱ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ጥላው እንደሄደች፣ ከጥገና ቤቱ ጀርባ ባለች አንድ ክፍል እንደሚኖር ነገራት።

«ከማን ጋር ታወራለህ?»

«ከሬዲዮኖቹ። ተበላሽተው ስለሚመጡ አያቋርጡኝም።»

ሳቁ። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ሮይስ ግን አልተነሳም።

በሦስተኛው ማክሰኞ ምንም የተበላሸ ነገር አልነበረም። አልቫ ፀጉሯን አበጠረች። ወጥ ቤቱ በር ላይ ያለችውን ትንሽ ሳጥን ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ ገመዷን ነቀለቻት።

«ሮይስ... እንደገና ተቋርጧል መሰለኝ።»

መጣ። ሰካላት። «ላልቶ ነው» አለ ፊቱን ሳይለውጥ። ዳቦ በጃም በሉ። ወደቡ ድረስም አብረው ተራመዱ፤ ነፋሱ ሲበረታ ክንዱን ሰጣት፣ ያዘችው። በአራተኛውም ማክሰኞ «ላላ»፤ በአምስተኛውም፣ በስድስተኛውም።

ኬሪን ከሩቅ ሆና ትሰማለች።

«እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ሊሠራ ነው በየሳምንቱ የሚመጣው?»

«ዋይፋዩን ሊያይ ነዋ።»

«ዋይፋዩ እኮ ይኸው ጥሩ ነው! ብቻሽን መሆንሽን አይቶ ነው...»

«ተይ እንጂ ኬሪን!»

በሰባተኛው ማክሰኞ አልቫ ገመዱን ነቅላ ደወለች። የሮይስ ድምፅ ደረቅ ነበር።

«ሶኬቱን ተመልከቺው። ገብቷል?»

«እ... አልገባም መሰለኝ።»

«ግፊው። አረንጓዴ በራ?»

«በራ።»

«እንግዲህ ደህና ነው።»

«አትመጣም?»

«መምጣት የሚያስፈልገው አይመስለኝም፣ ወይዘሮ አልቫ።»

ወይዘሮ! ስልኩን ዘግታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ነቅቶብኛል፣ አለች በልቧ። እንደ ሕፃን ገመድ እየነቀልኩ የምጠራው መሆኔን አውቋል፤ ንቆኛል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኩባያ ቀርቧል። አንዱን አንስታ መልሳ ሰቀለችው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ብቸኝነት እንደ ድሮው አልነበረም። የድሮውን ለምዳዋለች። ይሄኛው ሰዓት አለው፤ ማክሰኞ ጠዋት ይመጣል፣ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ይቀመጣል። መኪና በመንገዱ ባለፈ ቁጥር ልቧ ወደ መስኮቱ ይሮጣል። የዓሣ መኪና ነው። የፖስታ መኪና ነው። ሦስት ማክሰኞ እንዲህ አለፈ።

እሁድ ኬሪን ደወለች።

«እማዬ፣ ከስተሻል። አሞሻል እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«ያ ሰውዬ አሁንም ይመጣል?»

«አይመጣም።»

«ጎሽ! ሰምቶኛል ማለት ነው።»

አልቫ ስልኩን ወደ ፊቷ አቀረበች። «ምን ብለሽው ነው የሚሰማሽ?»

«ጥገና ቤቱ ደወልኩለታ! ‹የተሠራ ነገር እያበላሸህ ብቸኛ ሴት ቤት አትመላለስ› አልኩት። ሊጠቀምብሽ...»

«እኔ ነኝ የማበላሸው!» አለች አልቫ።

«ምን?»

«ገመዱን የምነቅለው እኔ ነኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ እነቅለዋለሁ፤ ከዚያ እደውልለታለሁ። የሚያናግረኝ ሰው እንዲመጣ፣ ኬሪን። ሻይ የሚጠጣልኝ ሰው።»

ኬሪን ቀጥ አለች። አልቫ ከልምዷ ተነስታ ምስሉ ቆመ ብላ አሰበች። ግን አልቆመም፤ ከኋላዋ ማቲ ስትድህ ይታያል። ዝም ያለችው ኬሪን ራሷ ነች። ከዚያ ዕንባዋ ጉንጯ ላይ ሲወርድ ጥርት ብሎ ታየ።

«እማዬ... እንደዚህ መሆንሽን አንድም ቀን አልነገርሽኝም።»

«መቼ እስከዚያ ድረስ ሳይቋረጥ አውርተን እናውቃለን?»

በማግስቱ አልቫ የጋርትን ካፖርት ቤት ትታ፣ የራሷን ሰማያዊ ካፖርት ለብሳ ወደ ስሚዝተን ነዳች። መንገዱ ሃያ ደቂቃ ነው፤ ሁለቴ ልትመለስ አስባ ነበር። ሮይስ አንድ የጀልባ ሬዲዮ ፈታትቶ አቀርቅሮበታል። ሲያያት መፍቻው ከእጁ ወደቀ።

«ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም። ድሮም አልተበላሸም ነበር። እኔ ነበርኩ የምነቅለው፤ ይኸው አልኩት። አሁን ሳቅብኝ።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ታውቃለህ?!»

«ሳጥኗ የጠፋችበትን ሰዓት ትመዘግባለች። ሁልጊዜ ማክሰኞ፣ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ። ሦስት ሰዓት ሲሆን አንቺ ትደውያለሽ። ነፋስ ደግሞ እንዲህ ቀጠሮ አያከብርም።»

«አውቀህ ነበር የምትመጣው?»

«ሰኞ ማታ ሸሚዜን ተኩሼ ነበር የማድረው።»

አልቫ የወደቀውን መፍቻ አንስታ ሰጠችው።

«ታዲያ ለምን ቀረህ?»

«ልጅሽ ስትደውል... አንቺ ያስደወልሽ መሰለኝ። ቀጥታ ልትነግሪኝ ያፈርሽ። በዚህ ዕድሜዬ ሸሚዝ ተኩሼ የሰው በር ላይ መቆሜ አሳፈረኝ፣ አልቫ።»

«እኔ ደግሞ የናቅከኝ መስሎኝ... ሦስት ማክሰኞ መስኮት ላይ ቆሜ... ና ብሎ ሰው መጥራት አልችልበትም። ያለኝ ሰበብ ያ ገመድ ብቻ ነበር።»

ሮይስ ቅባት የነካውን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። አሁንም ንጹሕ አልሆነለትም። እጇን ያዘችው፤ እንደቆሸሸ።

«እሁድ ብመጣስ?» አለ ቀስ ብሎ። «ምንም ሳይበላሽ።»

«ና።»

የካቲት ላይ፣ በጋው ሳይወጣ፣ በመንደሩ አዳራሽ ተጋቡ። ኬሪን ማቲን ይዛ ከፐርዝ መጣች። ሮይስን በሩ ላይ ስታገኘው እሱ ቀድሞ «እናትሽን የሚጠብቃት ሰው በመኖሩ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የጠበቅሻት ከኔ መሆኑ ነው እንጂ» አላት። ሳቀችና አቀፈችው።

ማቲ ግን አያቷን ስታይ ፈራች። በስልክ የምታውቃት አልቫ መዳፍ የምታክል ነበረችና ይህች ትልቅ ሆነችባት። ብዙ ካየቻት በኋላ ትንሿን ጣቷን ዘርግታ የአልቫን ጉንጭ ወደ ጎን ፈተግ አደረገችው። ፊቱ አልተቀየረም። ደግማ ሞከረች። አልተቀየረም። በመጨረሻ ጭንቅላቷን አያቷ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ ተኛች። አልቫ ክንዷ እስኪደነዝዝ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

ከአሥር ቀን በኋላ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኟቸው። ሲመለሱ አልቫ የሚጠብቃትን ታውቀዋለች፤ እንግዳ የወጣለት ቤት፣ ወለል ላይ የቀረ የሕፃን ካልሲ፣ ያ ዝምታ። በሩን ከፈተች።

ሮይስ ከኋላዋ ገብቶ ቦት ጫማውን አወለቀ። ወደ ወጥ ቤት አለፈ፤ መሳቢያ ሲከፍት፣ ማንኪያ ሲያንኳኳ፣ ቢላዋ ሲፈልግ ተሰማ።

«አልቫ! ድንቹን እኔ ልላጠው ወይስ ትልጪዋለሽ?»

ካልሲዋን አንስታ ደረቷ ላይ ያዘች። ዕንባዋን ጠረገችና መለሰችለት።

«አንተ ላጠው። መጣሁ።»