ያልተለካው ደንበኛ

ይሄን ታሪክ ከሰው አልሰማሁትም። በራሴ ቤት፣ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ያመነ ይመን፣ ባያምንም አልፈርድበትም... ሌላ ሰው ቢያወራኝ እኔም አላምንም ነበር።

አስፈሪ ታሪክ ሲባል ሁሌ እኩለ ሌሊት ነው አይደል? ዝናብ፣ መብራት ጠፍቶ ምናምን...

የኔ በጠራራ ፀሐይ ነው።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት። የሱቁ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ፀሐይዋ እስከ ስፌት መኪናው እግር ድረስ ገብታ።

ጊዜው የኮሮና ወረርሽኝ የበረታበት ሰሞን ነው። እኔና አባቴ ልብስ ሰፊዎች ነን። ሱቃችን መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ስትሆን መሃሏ ላይ መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ወዲህ ሁለት የስፌት መኪና፣ መቁረጫ ጠረጴዛና መስታወት። ከመጋረጃው ወዲያ የአባቴ አልጋና የኔ ፍራሽ። እናቴ ካረፈች በኋላ የምንኖረው ሁለታችን ብቻ ነን።

ሥራ ቀጥ ብሏል። ሰርግ የለም፣ ምርቃት የለም፣ ቢሮ የሚሄድ የለም። ቤቱ በፒጃማ የሚውል ሰው ለምን ብሎ ሱፍ ያሰፋል?

የሦስት ወር የሱቅ ኪራይ ተከምሮብናል። አከራዩ መጀመሪያ ሲደውል "ጤና ነው? እንዴት ይዟችኋል?" ይል ነበር። በኋላ ሰላምታውንም ተወው።

"አባዬ፣ ማስክ እንስፋ እንጂ" አልኩት።

"አርባ ዓመት ኮት የሰፋሁበትን እጅ ለአፍ መሸፈኛ ላውለው?"

አባቴ እንዲህ ነው። በሽታው ለሱ የኛ የወጣቶቹ ወሬ ነበር። "ያን ስልክህን ብትዘጋው በሽታውም ይጠፋ ነበር" ይለኛል። በስንት ልመና ማስክ ሲያደርግም አገጩ ላይ ነው የሚያደርገው። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ፣ በቅጽል ስሙ ምላጩ፣ "የአባትህ አገጭ መቼም አይታመም!" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

አሁን ስለ አሠራራችን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እሱን ካላወቃችሁ የቀረው አይገባችሁም።

አባቴ ሰው ሲለካ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል። እኔ ደግሜ እጽፋለሁ።

"ደረት፣ መቶ!"

"መቶ።"

ካልደገምኩ ሜትሩን ከሰውየው ላይ አያነሳም። ከደገምኩ አለቀ... የሰውየው ልክ ያ ነው። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ስንሠራ የኖርነው እንዲህ ነው። አፌ ከመልመዱ የተነሳ ቁጥር ከሰማሁ ሳላስበው እደግማለሁ። ገበያ መሃል እንኳን ነጋዴ ዋጋ ሲጠራ ደግሜ ተስቆብኛል።

ሌላም ሕግ አለው። በገዛ እጁ ያልለካውን ሰው ልብስ አይቆርጥም። ምንም ቢከፍሉት።

ይሄን ሕግ ያፈረስኩት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። ስም የለውም። ፎቶ የለውም።

"ጥቁር ሙሉ ልብስ። ክፍያ አሁን።"

ገና መልስ ሳልጽፍ ገንዘቡ ባንክ ሂሳቤ ውስጥ ገባ። ለሦስት ወሩ ኪራይ በቅቶ የሚተርፍ ነው። አባቴ ከመጋረጃው ጀርባ ጋደም ብሏል። ልቤ ከደስታ ብዛት ደረቴን ሊቀድ ደረሰ።

"መቼ መጥተው ይለካሉ?" ብዬ ጻፍኩ።

"አልመጣም። ልኩን በድምፅ እልካለሁ።"

እሺ አልኩ። ምን ችግር አለው? ትምህርቱም፣ ለቅሶውም፣ ሐኪሙም በስልክ ሆኖ የለ? የአባቴ ሕግ የድሮ ነው አልኩ በሆዴ።

ልክ ሰባት ሰዓት ላይ የተቀዳው ድምፅ መጣ። ከፈትኩት።

"ትከሻ... አርባ ስድስት።"

የወንድ ነው እንዳልል የወንድ አይደለም። የሴትም አይደለም። ከቁጥሩ በኋላ ዝም አለ።

"አርባ ስድስት" አልኩና ጻፍኩ። ልክ እንደጻፍኩ ቀጠለ።

"ግራ ትከሻ... ሁለት ሴንቲ ዝቅ ይላል።"

"ሁለት ሴንቲ ዝቅ።"

"ደረት... መቶ ሁለት።"

"መቶ ሁለት።"

እስክደግም ይጠብቃል። ስደግም ይቀጥላል። እርሳሴ ወድቆ ጎንበስ ብዬ ሳነሳ እንኳን ጠበቀኝ። የተቀዳ ድምፅ እንዴት ሰው ይጠብቃል? ያኔ አላሰብኩትም። ሐሳቤ ሁሉ ኪራዩ ላይ ነበር።

በመጨረሻ "ኪስ አይኑረው" አለ።

ሳቄ መጣ። "ገንዘብዎን የት ሊያስቀምጡ ነው?" ብዬ ቀልድ ጻፍኩለት።

"የምናለብሰው ሰው ኪስ አያስፈልገውም" ብሎ መለሰ።

ኪራዩን ከፈልኩ። ጨርቁን ቆረጥኩ። አባቴ መቀሱን ሰምቶ "የማን ነው?" ሲለኝ "የድሮ ደንበኛ ነው፣ ልኩ ደብተሩ ላይ አለ" ብዬ ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁት።

በማግስቱ ሰባት ሰዓት ላይ ሌላ ድምፅ መጣ።

"ማስተካከያ። ደረት... ዘጠና ስምንት።"

"ዘጠና ስምንት" አልኩ።

ሰው በአንድ ቀን አራት ሴንቲ አይከሳም። ትናንት ተሳስተው ነው ብዬ ስፌቱን ፈታሁና አጠበብኩት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አባቴ ወስፌ ጠየቀኝ።

"ለምንህ ነው?"

"ቀበቶዬ ላይ ቀዳዳ ልጨምር ነው። ሱሪዬ ወገቤ ላይ አልቆም አለ።"

"ሥጋ ብላ ስልህ እምቢ እያልክ ነዋ" ብዬ ቀለድኩበት። እሱም ሳቀ። ሳቁ ግን በሳል አለቀ... ደረቅ ሳል።

በሦስተኛው ቀን ሰባት ሰዓት።

"ደረት... ዘጠና ሦስት።"

"ዘጠና ሦስት።"

ያን ዕለትም አባቴ ወስፌውን ጠየቀኝ።

አሁን አልሳቅኩም። ምላጩ ከበሩ ውጪ ቆሞ አየውና ፊቱ ተለወጠ። "ሰውየው ምን ነክቶት ነው? ጉንጩ እኮ ገባ!" አለኝ በሹክሹክታ። በነጻው የጤና መስመር ደወልኩ። አልጋ ሞልቷል፣ ትንፋሽ እስካላጠረው ድረስ ቤት ይቆይ አሉኝ። አባቴ ከመጋረጃው ጀርባ ተኛ። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ወለሉ ላይ መተኛት ጀመርኩ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት በረደኝ አለ። ኮቱን ላለብሰው ማስኬን አጥብቄ ገባሁ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ...

ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ ነው።

ዕድሜ ልኬን ሳየው የኖርኩት ትከሻ ነው። አርባ ዓመት መኪና ላይ ያጎነበሰ ሰው ትከሻ። ኮቱን አልጋው ላይ ጣልኩት።

"አባዬ... እስቲ ቀጥ ብለህ ቁም።"

"ምን ልትሰፋልኝ ነው ደግሞ?"

አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር አውርጄ ግራ ትከሻውን ለካሁት። ሁለት ሴንቲ ዝቅ ይላል።

ደረቱን በሜትሩ ዞርኩት። ዘጠና ሦስት።

አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኩት። ገንዘቡን፣ ድምፁን፣ ኪሱን... አንድም አልደበቅኩም። አባቴ እስክጨርስ አዳመጠኝ።

"ያልነካኸውን ሰው ቆረጥክ?"

"አዎ።"

"ደገምክለት?"

ሜትሩን ጣቴ ላይ ጠመጠምኩ።

"ቁጥሩን ደገምክለት ወይ ነው የምልህ!"

"...ደገምኩለት።"

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢሰድበኝ በወደድኩ። እሱ ግን ራሴን በእጁ ዳሰስ አደረገኝ። ከስድብ ሁሉ በላይ ያስፈራኝ ይሄ ነው። አባቴ እንደዚህ ያደረገኝ እናቴ ያረፈች ዕለት ብቻ ነበር።

ወጣሁና ስልኬን አነሳሁ። "ትዕዛዙን ሰርዣለሁ። ገንዘብዎን ተበድሬም ቢሆን እመልሳለሁ" ብዬ ጻፍኩ።

መልሱ ወዲያው መጣ።

"ገንዘቡ ይቅር። አንተ ብቻ ድገም።"

ስልኩን አጠፋሁት። ጠመኔና ክር የምናስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩና ቆለፍኩት። ከዚያ ጥቁሩን ሱፍ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ በትልቁ መቀስ እጅጌውን ከአካሉ፣ ገበሩን ከጨርቁ ለየሁት። ስፌት የሚባል ነገር አላስተረፍኩለትም።

ሰባት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ስፌት መኪናዬ ፊት ተቀመጥኩ። አፌን በሁለት እጄ አፍኜ።

መንገዱ ላይ ሰው የለም። የምላጩ ሬዲዮ በግድግዳው በኩል ይሰማል። አባቴ ከመጋረጃው ወዲያ ያስላል... ያርፋል... ያስላል...

ሬዲዮው ዝም አለ።

ሳሉም ዝም አለ።

መሳቢያውን አየሁት። ምንም ድምፅ የለውም። እፎይ ልል ስል...

"ትከሻ..."

ከመሳቢያው አይደለም። ከስልኩም አይደለም።

ከመጋረጃው ጀርባ ነው።

"ትከሻ... አርባ አራት።"

የአባቴ ትከሻ አርባ አራት አይደለም።

"ግራና ቀኙ... እኩል።"

የኔ ልክ ነው። ለሰርግ ብሎ፣ ለምርቃት ብሎ አባቴ የሰፋልኝ ልብስ ሁሉ ትከሻው አርባ አራት ነው።

አፌን እስኪያመኝ ጨመቅኩት። ድምፁ አልተቆጣም፣ አልቸኮለም። መጠበቅ ብቻ። ከዚያ እንደገና...

"አርባ አራት።"

ዝም አልኩ።

"አርባ አራት።"

ከእጄ ሥር ከንፈሬ መንቀሳቀስ ጀመረ። ላቆመው እታገላለሁ፣ አይቆምም። የስንት ዓመት ልማድ ነው። ምላሴ በራሷ ተነሳች። "አር..." የሚል ድምፅ በጣቶቼ መሃል ሲወጣ በጆሮዬ ሰማሁት።

ያኔ አባቴ ተናገረ።

"ልጁን ተወው።"

በሹክሹክታ ነው። ትንፋሽ አጥሮታል፣ ግን ረጋ ብሏል። ሂሳብ ላይ ከሚከራከር ደንበኛ ጋር ሲነጋገር እንደሚረጋው።

"እሱ ምን አጠፋ? የጀመርከው የኔን ነው። የኔን ጨርስ።"

አልጋው ሲጮህ ሰማሁ። አባቴ እየተነሳ ነው።

"ደረት..." አለ ድምፁ። "...ሰማንያ አራት።"

"አባዬ እንዳትደግም!" ብዬ ጮህኩ። ወንበሩ ወደቀ። ወደ መጋረጃው ሮጥኩ። ሦስት እርምጃ ብቻ ናት እኮ... ሦስት እርምጃ!

"ሰማንያ አራት" አለ አባቴ።

ዕድሜውን ሙሉ ቁጥር ጠሪ የነበረው አባቴ፣ እንደ ታዛዥ ልጅ ደገመ።

መጋረጃውን ከነሽቦው ገነጠልኩት።

አባቴ ክፍሉ መሃል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሲለኩ ሰዎች እንደሚያደርጉት ሁለት ክንዶቹን ከጎኑ ትንሽ ከፈት አድርጎ አንስቷል። የመስኮቱ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ አርፋበታለች። ዓይኑ ክፍት ነው። ወደኔ ግን አያይም።

ከፊቱ ማንም የለም። ከኋላውም ማንም የለም።

ነጭ ሸሚዙ ግን ከብብቱ ሥር ዙሪያውን፣ የአንድ ጣት ስፋት ያህል፣ የማይታይ ሜትር እንደተጠመጠመበት ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ጨርቁ ተጨማዶ ወደ ሥጋው እየገባ ነው... እየጠበቀ... እየጠበቀ...

ከዚያ መስመሩ ላላ አለና፣ ቀስ ብሎ፣ ከደረቱ ወደ ወገቡ ወረደ።