ከአስር ሁለት

በዚያ ዓመት ሰኔ ሳይዘንብ አለቀ። ሐምሌ በረዶ አወረደ፤ የበቀለውን ዳጉሳ ከሥሩ ቆረጠው። ላሞች ነጠፉ፣ ዓሣው ወደ መሀል ሐይቅ ሸሸ፣ ሰው ለዘር ያስቀመጠውን ቆርጥሞ በላ። ነሐሴ ሲገባ ለጣና ዳር መንደርተኛ የቀረው ታንኳውና ጓንጉል የሚነግረው ቁጥር ብቻ ነበር።

ጓንጉል በሐይቁ ዳር ያለው የነፋስ መለኪያ ጣቢያ ጠባቂ ነው። በየማለዳው ምሰሶው ጫፍ ላይ የሚዞሩትን ኩባያዎች ያያል፣ የአየር ግፊቱን መርፌ ያነባል፣ ወደ ከተማው ማዕከል ይደውላል፤ ከዚያ ደጅ ወጥቶ ወጀቡ ከመሀል ሐይቅ ተነስቶ ምድሩን የመምታት ዕድሉ ከአስር ስንት እንደሆነ ይናገራል። ሁለት ካለ ሰው ይቀዝፋል። አምስት ካለ ከዳር አይርቅም። ከዚያ በላይ ከሆነ የደንገል ታንኳዎቹ ከጣቢያው ግድግዳ ተደግፈው፣ አፍንጫቸውን ወደ ሰማይ አቅንተው ሲደርቁ ይውላሉ።

ከአምስት በታች ከተናገረ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል።

«አያ ጓንጉል፣ ነፋስ ራሱ ቢሞት ለቀብሩ አምስት ትላለህ!» እያሉ ይስቁበታል።

ያኔ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ልጁ ማንጠግቦሽ በወባ ትቃጠል ነበር። ምልክቱ ሁሉ ስምንት እያለ፣ ጎረቤቱን ደሴን «ሁለት ነው» ብሎ ለመድኃኒት ወደ ማዶ ላከው። ደሴ ሲመለስ ከዳር ሠላሳ ክንድ ሲቀረው ወጀቡ ደረሰበት። ከረጢቱን ወደ ምድር ወረወረና «አያ ጓንጉል፣ መድኃኒቱ ደረሰህ?» ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ ውሃው ዋጠው። ልጅቱ ዳነች። ሬሳው አልተገኘም። የደሴ ታንኳ በመንደሩ ዘንድ መሳቂያ ነበረች፤ ከሰው ሁሉ ተለይቶ አፍንጫዋን ወደ መሬት ደፍቶ ነበር የሚያቆማት።

በዚህ የረሃብ ነሐሴ አንድ ቅዳሜ መንደሩ ገበያ ወጥቶ ጭር ብሏል። ጓንጉል ከግድግዳው ሥር ዘጠኝ ታንኳ ማየት ሲገባው አሥር ቆጠረ። አሥረኛዋ ጠቁራለች፣ አፍንጫዋ መሬት ነክቷል፤ ማንም ውሃ ላይ ሳያወርዳት ከውስጧ ጠብ ጠብ ይላል፤ ሽታዋም ፀሐይ አይቶት የማያውቅ የሐይቅ ወለል ጭቃ ሽታ ነበር። እጁን ዘርግቶ ቢነካት ደንገሉ እንደ ከብት ሆድ ሞቀው። ደንግጦ ሸሸ። ዞሮ ሲያይ ታንኳዎቹ ዘጠኝ ናቸው፤ መሬቱ ግን ርሷል።

ጓንጉል አስም አለበት፤ መድኃኒቱ ካለቀ ሦስት ቀን ሆኖታል። ማንጠግቦሽ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«አባዬ፣ ደረትህ እንደ ወናፍ እያፏጨ ነው። ማዶ ደርሼ ልምጣ። ዛሬ እንኳ የፈሪ ቁጥርህን ትተህ እውነቱን ንገረኝ፤ ከአስር ስንት?»

«ቆይ፣ ልደውል።»

ማዕከሉ ከሰኔ ወዲህ አዲስ ሠራተኛ ቀጥሯል። ድምፁ ሻካራ ነው፤ በቃልና በቃል መሀል እንስራ ሲሞላ የሚሰማው ዓይነት መንቆርቆር አለበት። ጓንጉል ነገሩን በስልኩ ሽቦ አሳብቦ ነበር የኖረው።

«ሁለት ነው፣» አለ ድምፁ።

«መርፌው እኮ ወርዷል።»

«ሁለት ነው። ልጅቱ ትሂድ።»

ጓንጉል ስለ ልጅ ያነሳው ነገር የለም። በመስኮቱ ሲያይ የዳሩ ደንገል እስከ መሬት ጎብጧል፤ የምሰሶው ኩባያዎች ግን ዝም ብለው ቆመዋል። ይህን ሁሉ አየ። አየር ሊስብ ቢሞክር ደረቱ እንደ ቡጢ ተጨበጠበት።

«ሁለት፣» አላት።

«ተመስገን! ነፋሱ ሳይሞት ሁለት አልክ!» ብላ ጉልበቱን ስማ ሮጠች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቀኑ ብርሃን እንደ ሐሞት አረንጓዴ ሆነ። ከመሀል ሐይቅ እንደ ሺህ በሬ የሚያጓራ ነገር ተነሳ። ነፋሱ የይብራ መንጋውን አንስቶ ከጣቢያው ግድግዳ ጋር አላተመው፤ አንገታቸው የተቀነጠሰ ወፎች ደጁን ሞሉት፣ ደሙ በመስኮቱ ላይ ወረደ። የጣሪያው ቆርቆሮ ተገንጥሎ የደጁን ሾላ ዛፍ እንደ መጥረቢያ ሰነጠቀው። ታንኳዎቹ ተበጣጥሰው ወደ ሰማይ በረሩ። በዚያ መሀል ልጁን አያት፤ ተንበርክካ፣ ከረጢቷን በጥርሷ ነክሳ ትቀዝፋለች። ከኋላዋ ሌላ ታንኳ ነበረች። ማዕበል አይነካትም። የተቀመጠው ሰው ሳይቸኩል ደረሰባትና መቅዘፊያውን ወደ ላይ አነሳ። ጓንጉል «ማንጠግቦሽ!» ሲል ውሃው በእሱና በልጁ መሀል ገብቶ ዘጋ።

ከዚያ ፀጥ አለ። ከጣቢያው ደጅ የስልኩ እንጨት ወድቋል። ጓንጉል የሽቦውን ጫፍ አነሳ፤ በዝገት ተበልቷል፣ ሸረሪት አድርቶበታል። የተበጠሰው ዛሬ አልነበረም።

ከግድግዳው ሥር የቀረችው አንዲት ታንኳ ብቻ ናት። አፍንጫዋን ደፍታለች፤ ደርቃለች። የማንጠግቦሽ ከረጢት ተንጠልጥሎባታል፤ ጠብታ አልነካውም። መድኃኒቱን አውጥቶ ሳበው፤ ደረቱ ከፈቃዱ ውጭ ተከፈተ።

ስልኩ ጮኸ። ገብቶ አነሳው።

«አያ ጓንጉል፣ መድኃኒቱ ደረሰህ?» አለ ደሴ፤ «እንግዲህ አንተና እኔ አንፈላለግም።»