ከሐይቁ ሥዕል ሥር

የሥዕል አስተማሪው ጭንቅላቱን በደረጃው ድንጋይ ተመትቶ፣ ከሐይቁ ሥዕል ሥር ሞቶ ተገኘ። የመልክዓ ምድር ኤግዚቢሽኑን ልታይ የመጣችው የእሱ ተማሪ፣ ኢንስፔክተሯ ስትደርስ እጇ በካቴና ታስሮ ነበር። ሰው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ይፈርዳል፣ ማስረጃውን በኋላ ይፈልጋል።

«እሷ ናት!» አለ የአዳራሹ ኃላፊ። «ሐይቁን የሣልኩት እኔ፣ የተለጠፈው የእርስዎ ስም ብላ ስትጮህበት ሁሉም ሰምቷል። ከዚያ ገፈተረችው።»

«ሥዕሉን የነካ ሰው አለ?»

«ማንም አልነካውም። በየቀኑ ስለማየው እንደ መዳፌ አውቀዋለሁ።»

«እርስዎ ካሉ» አለች ኢንስፔክተሯ።

ፍሬም ሠሪው፣ የሟች ታናሽ ወንድም፣ ዓይኑ ደም ለብሶ ተማሪዋ ላይ ተነሣ። ኢንስፔክተሯ ትከሻውን ይዛ አስቀመጠችው። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ጮኼበታለሁ፤ አልዋሽም። አስተማሪዬ ስሙን የለጠፈው ኃላፊው ነው፣ ሥዕሉን አሁኑኑ አወርደዋለሁ አለኝ። አላመንኩትም፤ ጥዬው ወጣሁ።» ቀና ብላ ሥዕሉን ስታይ ቁጣዋ ገነፈለ። «ይኸው! አሁን ደግሞ ዘቅዝቀው ሰቅለውታል!»

«በምን አወቅሽ?»

«ውሃ ውስጥ የሚታይ ተራራ ከእውነተኛው ይደበዝዛላ! ይዩት፣ ደብዛዛው ከላይ ነው።»

ኢንስፔክተሯ የፍሬሙን ጀርባ ተመለከተች። መስቀያ ሽቦው ተበጥሷል፤ ሥዕሉ ሚስማሩ ላይ ያረፈው በጠርዙ ብቻ ነበር። ሦስቱንም ሥዕሉ ፊት አቆመቻቸው።

«ሟቹ ቃሉን ጠብቋል፤ ሥዕሉን ሊያወርድ ያዘ። አንድ ሰው ታገለው፣ ሽቦው ተበጠሰ፣ እሱ ወደቀ። ያ ሰው ምንም ያልተነካ ለማስመሰል ሥዕሉን መልሶ ሰቀለው። የሣለችው ልጅ አትዘቀዝቀውም። ፍሬም ሠሪ ያለ ሽቦ አይሰቅልም። የቀረው እንደ መዳፉ የሚያውቀው ሰውዬ ነው።»

«አደጋ ነው!» ኃላፊው ላብ አጠመቀው። «ከእጁ ልቀማው ስል ነው የወደቀው። የእሷን ሥዕል ብሎ ማን ይመጣል?»

ኢንስፔክተሯ እዚህ ላይ «እርስዎ» ማለቱን ተወችው። «መውደቁስ አደጋ ይሁን። ወዲያው አልሞተም፣ ቢደረስለት ይተርፍ ነበር ብሏል አስከሬኑን ያየው ሐኪም። እሱ እግርህ ሥር እያቃሰተ አንተ ሥዕል ትሰቅላለህ!»

ካቴናው ተፈትቶ ወደ ኃላፊው እጅ ዞረ። ወንድምየው አንገቱን ደፍቶ፣ «እኅቴ፣ ይቅር በይኝ፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አላት።

ተማሪዋ አልሰማችውም። ኃላፊውን ደረቱ ላይ በሁለት እጇ ደበደበችው።

«ሌባ ብዬው ነው የወጣሁት! ለእኔ ብሎ እየሞተ፣ ከአፌ የሰማው የመጨረሻ ቃል ሌባ ነው!»

ኢንስፔክተሯ ልታስቆማት አልቸኮለችም።