ቀጭኑን ድምፅ ሲጠብቅ

ሐዲድ ጠጋኙን በጠራራ ፀሐይ ባቡር ገጭቶ ገደለው። ሬሳው ሳይነሳ ታናሽ ወንድሙ በካቴና ታሰረ። ኩርባው ላይ ቀይ ባንዲራ ይዞ ባቡር ማስቆም የእሱ ሥራ ነበራ! «ኧረ አውለብልቤያለሁ!» እያለ ቢጮህ ማን ይስማው?

መርማሪዋ ቁጡ ናት። በሟች የሚያላክክ ሰው ደሟን ያፈላዋል። ነጂውን አስጠራችው።

«ባንዲራ አየህ?»

«የምን ባንዲራ? ማንም አልነበረም። ሟቹን ግን ከሩቅ አይቼ እስክደርስበት ድረስ ጡሩምባ ነፋሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ ካለኝ ምን ላድርግ? ፍሬኑ እንደሆነ በአንዴ አይዝም።»

የሠራተኞቹ አለቃም «ጡሩምባውን ሰምቻለሁ» ብሎ ደገፈው። ሰውየው ከመገጨቱ በፊት ይሁን በኋላ ግን አያውቅም።

ሟቹ ስልኩን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ፣ ብሎን እያጠበቀ፣ ለሚስቱ መልእክት ሲቀዳ ነበር። መርማሪዋ ቅጂውን አሰማቻቸው። «ምሳ ጠብቂኝ» ይላል። ከዚያ የባቡር መንኮራኩር ኳኳታ፣ ከዚያ አንድ ረጅም ጡሩምባ።

«ኳኳታው በሐዲዱ ቀድሞ ይሰማል» አለ ነጂው። «ይሄ ምንም አያሳይም።»

በማግስቱ መርማሪዋ ሁሉንም እዚያው ሐዲድ ዳር ሰበሰበች። ሌላ ነጂ ያንኑ ባቡር በዚያው ፍጥነት፣ ጡሩምባውን ሳያቋርጥ እየነፋ አሳለፈው። ሲመጣ ድምፁ ቀጭን ነበር። ልክ ሲያልፋቸው ወፈረ።

«ወደ እኛ ሲገሰግስ የድምፁ ሞገድ ይጠጋጋል፤ ይቀጥናል። ሲርቅ ይራራቃል፤ ይወፍራል» አለች። ቅጂውን ከፈተችው። ጡሩምባው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወፍራም ነበር። «የነፋኸው ሰውየውን ካለፍክ በኋላ ነው!»

«ሃያ ዓመት ነድቻለሁ! ጡሩምባዬ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው!»

«ላንተ ነዋ! አብረኸው ትሄዳለህ። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ወርደህ አልሰማኸውም? ሰውየውን አይተህ ቢሆን ቀድመህ ትነፋ ነበር። ፊት ለፊትህ ያለውን ሰው ካላየህ፣ ባንዲራውንስ በምን ዓይንህ ልታየው?»

«ስልኬን... ለአንድ አፍታ ነው ያየሁት። ሲገጭ ደንግጬ ነፋሁ» አለ ነጂው።

ካቴናው ከወንድምየው እጅ ወልቆ ነጂው እጅ ገባ። ወንድምየው እንባው እየወረደ ነጂው ላይ አፈጠጠ።

«እዚህ በየሐዲዱ ባቡር ስለሚያልፍ ቀኑን ሙሉ ኳኳታ አይጠፋም፤ እኛ የምናምነው ጡሩምባውን ነው። ከቀጠነ እንሸሻለን፣ ከወፈረ ሥራችንን እንቀጥላለን። ያስተማረኝ ጋሼ ነው። ያን ቀንም አንገቱን ደፍቶ ቀጭኑን ድምፅ ይጠብቅ ነበር።»